ያለ ባይኖኩላር የዱር እንስሳ በቅርብ ይታያል? ከድሬ እስከ ባቢሌ

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ የምኖር መምህርት ነኝ። በግማሽ ዓመቱ ዕረፍት የ9 እና የ12 ዓመት ልጆቼን ይዤ ሐረር ዘመድ ጋ እሄዳለሁ። በዚያው የባቢሌን የዝሆን መጠለያ ላሳያቸው አስቤአለሁ። ባይኖኩላር የለንም፣ ካሜራም የለንም፤ ያለችን አንድ ስልክ ናት። የሥራ ባልደረቦቼ ‹ያለ ባይኖኩላር አቧራ ጠጥታችሁ ነው የምትመለሱት› ይሉኛል። እውነት ነው? ልጆቹ እንስሳ በቅርብ እንዲያዩ ምን ላድርግ?»

መልስ፦

ድሬ ላይ አንቱታ አይወደድምና «አንቺ» ብዬ ልቀጥል።

ባጭሩ፣ ሂዱ። ለባይኖኩላር ብለሽ ብር አታውጪ። ባልደረቦችሽ ግን ጨርሶ አልተሳሳቱም። በቀጥታ ባቢሌ ሄዳችሁ፣ ረፋዱ ላይ ደርሳችሁ ዝሆን ፍለጋ ብትሉ አቧራ ጠጥቶ መመለስ የማይቀር ነው። ያኔ ባይኖኩላር ቢኖራችሁም ብዙ አይረዳችሁም። ቁጥቋጦው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ መነጽር ቅጠል አልፎ አያሳይም።

ባይኖኩላር የሚጠቅመው ሜዳ ላይ ነው። አዋሽ ፓርክ ሄደሽ ሳላ ከሜዳው ማዶ ቆሞ ብታዪ፣ አዎ፣ ባይኖኩላር ያስመኛል። ለወፍም እንደዚያው። የኛ አካባቢ ግን ገደል፣ ቁጥቋጦ፣ የድንጋይ ክምርና የከተማ ግንብ ነው። እዚህ እንስሳ ወይ በጣም ቀርቦ ይታያል፣ ወይ ጭራሽ አይታይም። ስለዚህ አስቀድመሽ ልታስቢበት የሚገባው የት እንደምትቀመጡና ስንት ሰዓት እንደምትደርሱ ነው። ሌላው የዕቃ ጣጣ ይቅርብሽ።

የኔ ምክር ቅደም ተከተሉን እንድትገለብጪው ነው። ዝሆኑን ለመጨረሻ አቆዪው፤ ደጃፋችሁ ካለው ጀምሩ።

ደጃፋችሁ ያለው ዝንጀሮ ነው። «ዝንጀሮማ መንገድ ላይ ሁሌ እናየው የለ?» እንደምትዪ አውቃለሁ። ከመኪና መስኮት አይቶ ማለፍና ቁጭ ብሎ ማየት ግን ለየቅል ነው። በድሬዳዋ ዙሪያና በኤረር በኩል ያለው ዝርያ ሐማድርያስ ይባላል። በዓለም ላይ የሚገኘው በአፍሪካ ቀንድ አካባቢና ከቀይ ባሕር ማዶ በዓረብ ምድር ብቻ ነው። የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ ሐንስ ኩመር እ.ኤ.አ. በ1960 እና በ1961 ኤረር ጎታ አካባቢ ተቀምጦ እነዚህኑ ዝንጀሮዎች አጥንቷል። ከውጭ አገር ድረስ ተመጥቶ የተጠና እንስሳ ነው እናንተ በባጃጅ ርቀት ላይ ያላችሁት።

ሐማድርያስ የሚያድረው ገደል ላይ ነው፤ ነብር ስለሚፈራ። ጠዋት ፀሐይ ገደሉን ስትመታው ወዲያው አይበተንም። አፋፉ ላይ ቁጭ ብሎ ይሞቃል። ትልልቆቹ እርስ በርስ ፀጉር ይፈታተሻሉ፣ ትንንሾቹ ይላፋሉ። ከዚያ በኋላ ነው መንጋው ለምግብ ፍለጋ ተነስቶ ቀኑን ሙሉ የሚሄደው። እናንተ የምትፈልጉት ያንን የመሞቂያ ጊዜ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ገደማ ነው በይው። የሚያድሩበትን ገደል የአካባቢው እረኛ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጠይቂ። ገደሉ ሥር ድረስ ግን አትጠጉ። ከማዶ፣ ፀሐይዋን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ፣ ጥላ ሥር ቁጭ በሉ። የቆመና የሚንቀሳቀስ ሰው ያሰጋቸዋል፤ የተቀመጠውን ቆየት ሲሉ ይተዉታል። ሲተዉሽ ይታወቅሻል፤ ዘብ የቆመው ዝንጀሮ ፊቱን ያዞራል፣ ግልገሎቹም ወደ እናንተ በኩል መጫወት ይጀምራሉ።

ልጆቹ መንጋውን በሙሉ ለማየት ከሞከሩ ምንም አያዩም። አንድ ወንድ ይምረጡና እሱን ብቻ ይከተሉት። ወንዱ አይሳሳትም፤ ከትከሻው እስከ ጀርባው እንደ ካባ የወረደ ብርማ ጎፈር አለው፣ ፊቱ ቀላ ያለ ነው። ሴቶቹ ቡናማ ናቸው፤ ክብደታቸው የወንዱን ግማሽ ቢሆን ነው። ከኋላው ጥቂት ሴቶች አይጠፉም። አንዷ ዘግየት ካለች ዘወር ብሎ ቅንድቡን ያነሳባታል። ካልገባት ሮጦ ሄዶ አንገቷን ይነክሳታል። ብዙውን ጊዜ አያቆስላትም። የሚገርመው እሷም አትሸሽም፤ የነከሳትን ተከትላ ትመጣለች። የ12 ዓመቱ ልጅሽ ይህን አይቶ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ መገመት አያቅትም። መልሱን ለአንቺ ትቻለሁ።

አንድ ነገር እንዳትረሺ። ሙዝና ኦቾሎኒ ይዛችሁ ከሆነ ከቦርሳ አይውጣ። ዝንጀሮ አንዴ ከሰው እጅ ከበላ ልመናውን ትቶ ቅሚያ ይጀምራል፤ የሚቀማው ደግሞ ከልጅ ነው። ፊት ለፊት አፍጥጦ ማየትም በነሱ ቋንቋ ጠብ መፈለግ ነው። አፉን በሰፊው ከፍቶ ክራንቻውን ካሳያችሁ እንቅልፍ መጥቶበት እንዳይመስላችሁ። ቀስ ብላችሁ ወደኋላ በሉ።

ወደ ሐረር ስትወጡ ደንገጎ ዳገት ላይ ልጆቹ መስኮት በኩል ይቀመጡ። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። በ50 ምናምን ኪሎ ሜትር ውስጥ ሙቀቱም፣ ዛፉም፣ ወፉም ይለወጣል። ሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ቆይቶ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውሃ ተመልሶለታል። ሾፌሩ እሺ ካለ ሩብ ሰዓት አስቁሙት፤ የውሃ ወፍ ዳር ዳሩን በባዶ ዓይን ይታያል።

ሐረር ላይ ያለው ጅብ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የጅብ ትርኢቱን ሰምተሻል፤ ምናልባትም አይተሽዋል። ሲመሽ፣ ከ1 ሰዓት ገደማ ጀምሮ፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ ጅቦች እየተጠሩ ሥጋ ይበላሉ። ፈላና በር በኩል ያለው የታወቀ ነው። እንግዳ ሰው ሥጋ የተንጠለጠለበትን እንጨት በጥርሱ ይነክሳል፣ ጅቡ መጥቶ ይወስዳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ያበቃል። እኔ ያ ፎቶ ብዙም አይማርከኝም። አዋቂ ሰው ከፈለገ መብቱ ነው። ልጆችሽን ግን እንጨቱን እንዲይዙ አትፍቀጂ። ጅቦቹ ሰው የለመዱ እንጂ ለማዳ አይደሉም፤ መንጋጋቸው አጥንት ይሰብራል። ልጆቹን ከመጋቢው ጎን ትንሽ ራቅ አድርገሽ አቁሚያቸው፤ አንቺ በመሃል ሁኚ። ማንም ጅብ አይንካ፣ ከጅብም ኋላ አይሩጥ።

ከቆማችሁበት ደግሞ ሥጋው ላይ አታፍጥጡ። ከኋላ፣ ጨለማው ዳር ያለውን እዩ። ሁሉም ጅብ እኩል አይቀርብም። አንዳንዱ በቀጥታ ይመጣል፤ አንዳንዱ ዞሮ ዞሮ፣ ጭራውን እግሩ መሃል ሸጉጦ ይጠብቃል። ይህ የፍርሃት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የማዕረግ ጉዳይ ነው። በነጠብጣቡ ጅብ ዘንድ የበላይዋ ሴቷ ናት። በአካልም ከወንዱ ትገዝፋለች። ልጅ የእናቱን ማዕረግ ስለሚይዝ የትልቋ እመቤት ግልገል አንድን ሙሉ ወንድ ከሥጋ ላይ ሊያስነሳ ይችላል። በተረት «አያ ጅቦ» እየተባለ ያደገ ልጅ እመቤቲቱን ሲያይ ግራ ይገባዋል፤ ይግባው።

ነጠብጣቡንም እዩት። እንደ ሰው አሻራ ሁሉ የአንዱ ከሌላው አይገጥምም። ልጆቹ አንድ ጅብ ይምረጡ፤ ጆሮው የተቀደደ ወይም ጎኑ ላይ ለየት ያለ ምልክት ያለው። በማግስቱ ማታ ከተመለሳችሁ እሱኑ ይፈልጉት። ካገኙት ከዚያ ወዲያ «ጅብ አየን» አይሉም፤ «ጆሮ ቅዱን አየነው» ነው የሚሉት። ጥቁር ቡናማ፣ ነጠብጣብ የሌለው ትንሽ ጅብ ካያችሁ ግልገል ነው። የጅብ ግልገል ዓይኑን ገልጦ፣ ጥርስ አብቅሎ ነው የሚወለደው።

ያ «የጅብ ሳቅ» የሚባለው ደግሞ ሳቅ አይደለም። የተገፋ ወይም የተጨነቀ ጅብ ድምፅ ነው። ከሩቅ የሚመጣው፣ ዝቅ ብሎ ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣው ጩኸት ሌላ ነው፤ ኪሎ ሜትሮች ተሻግሮ ይሰማል፣ የጮኸው ማን እንደሆነም የመንጋው አባላት ይለዩታል። ዘመድ ቤት ስታድሩ መብራት አጥፍታችሁ፣ መዳፋችሁን ከጆሯችሁ ኋላ አጠፍ አድርጋችሁ አዳምጡ። ልዩነቱ ያስገርማችኋል። ይህም ከመሣሪያ ከተቆጠረ መሣሪያ ነው።

ስለ ዓይንም ላንሳ። ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። አንዴ የስልክ ስክሪን ካየሽ ከዜሮ ትጀምሪያለሽ። ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ድረሱ፤ ስልኩ ኪስ ይግባ። መብራት ካስፈለገ የስልኩን ባትሪ በቀይ ፌስታል ሸፍኚው፤ ቀይ ብርሃን የናንተንም የጅቡንም ዓይን ብዙ አያስቸግርም። ፎቶ የግድ ካላችሁ መጀመሪያ አምስት ደቂቃ እዩ፣ ከዚያ አንሱ። ስልክ ሲከፍት፣ ዙም ሲያደርግ፣ ፍላሽ ሲያጠፋ እንስሳው ያልፍና ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ግንቡ ተመለሱ። ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ልጆቹ ግን ከግንቡ ይልቅ ግንቡ ሥር ያሉት ቀዳዳዎች ነው የሚማርኳቸው። ጅቦች ሌሊት ሾልከው የሚገቡት በነዚያ ነው። ከግንቡ ውጭ ባለው ሜዳ ላይ እንደ ኖራ የነጣ ደረቅ ኩስ ታገኛላችሁ። የጅብ ነው። የሚነጣው አጥንት ስለሚበላ፣ ካልሲየሙ ስለሚወጣ ነው። በእንጨት ሰበር አድርጋችሁ እዩት፤ ያልተፈጨ ፀጉር ውስጡ አይጠፋም። በእጅ አይነካ። ዱካውንም እዚያው አቧራ ላይ ፈልጉ፤ በያንዳንዱ እግር አራት ጣት፣ የጥፍሩ ምልክት ከፊት የሚታይ።

ጀጎል ውስጥ ሥጋ ተራ በኩል ስታልፉ ቀና በሉ። ጭልፊቶች ጣራው ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ፤ ሥጋ ከእጅ ሲመነትፉ ክንፋቸው ፊት ሊነካ ይደርሳል። ከዚህ የበለጠ ቅርብ የለም። ፌስታል አጥብቃችሁ ያዙ።

አሁን ባቢሌ።

መጠለያው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው የተቋቋመው፤ ስፋቱ 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ጎበሌ፣ ኤረር፣ ደከታና ፋፈን የሚባሉት ሸለቆዎች ውስጡ ናቸው። ዝሆኖቹ እንደ ወቅቱ ከሸለቆ ሸለቆ ይዘዋወራሉ። አጥር የለም፣ የመኪና መንገዱም ውስን ነው። ዝሆን ማየት ማለት ከስካውት (ከመጠለያው ጠባቂ) ጋር በእግር ሄዶ ቁጥቋጦ ውስጥ መፈለግ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግልጽ ልሁን። ልጆቹን በእግር ወደ ዝሆን አትውሰጂ። የባቢሌ ዝሆን ሰው ሲያሳድደውና ሲያድነው የኖረ ነው፤ ግልገል ያላት እናት ደግሞ ጥያቄ የላትም። ጥቅጥቅ ባለ ግራርና ቁልቋል ውስጥ ሃያ ሜትር ላይ ቆሞ ሳታዪው ልታልፊ ትችያለሽ። መዳፉ ውስጡ ለስላሳ ስለሆነ ሲራመድ እንኳ አይሰማም። «በቅርብ ማየት» የሚለው ምኞት እዚህ ጋ ይቁም። ስካውቱ ከፍ ያለ ቦታ ወስዶ ከሸለቆው ማዶ ካሳያችሁ እሰየው፤ ባልደረቦችሽ ያሉት ባይኖኩላር የሚናፍቀውም ያኔ ብቻ ነው። ካልሆነም ቅር አይበላችሁ። ዝሆን ሳይታይም ብዙ የሚታይ ነገር ትቶ ይሄዳል።

ስካውቱን «ዝሆኖቹ ትናንት የነበሩበትን፣ ዛሬ የሌሉበትን ቦታ አሳየን» በይው። ይገባዋል። ክር ይዛችሁ ሂዱ፤ የጫማ ማሰሪያ ይበቃል። የፊት እግር ዱካ ክብ ነው፣ የኋላው ሞላላ። የፊቱን ዙሪያውን በክሩ ለኩ፣ ከዚያ በሁለት አባዙት። የዝሆኑ ትከሻ ቁመት በግርድፉ ያ ነው። ዙሪያው 1 ሜትር ከ30 ከሆነ ዝሆኑ ትከሻው ላይ 2 ሜትር ከ60 ገደማ ይደርሳል ማለት ነው። የ12 ዓመቱ ያባዛ፣ የ9 ዓመቱ ደግሞ ዱካው አጠገብ ቆሞ ያን ያህል ከፍታ በዛፉ ላይ ይፈልግ። አንቺ መምህርት ነሽ፣ ከዚህ በላይ አልነግርሽም።

ፋንድያውንም እንዳታልፉት። ዝሆን የሚበላውን ግማሹን ያህል እንኳ አይፈጨውም፤ ስለዚህ የበላው እዚያው ይነበባል። በእንጨት ክፈቱት። የተላጠ የዛፍ ልጥ፣ ረጃጅም ጭረትና ጠንካራ የቁልቋል ፍሬ ዘር ታገኛላችሁ። ጢንዚዛዎች እየቆረሱ ሲያንከባልሉ ካገኛችሁ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። እርጥብና ሞቃት ከሆነ ግን ቁጭ አትበሉ፤ ስካውቱም አይፈቅድላችሁም።

መንገዳችሁ ላይ እንሹ አይጠፋም። ከፍየል የምታንስ፣ ጥንድ ጥንድ ሆና የምትኖር ሚዳቋ ናት። ከመኪና ሳትወርዱ፣ ሞተር አጥፍታችሁ ከቆማችሁ ብዙ ጊዜ ትቆምላችኋለች። መኪናውን ትለምደዋለች፤ በር ተከፍቶ ሰው ሲወርድ ነው የምትፈረጥጠው። ዓይኗ ሥር ጥቁር ነጥብ አለች፤ ዕጢ ናት። ቀጭን ጭራሮ ጫፍ ወደዚያ አስጠግታ ግዛቷን ትቀባበታለች። ጭራሮው ጫፍ ላይ ሬንጅ የመሰለች ጠብታ ካገኛችሁ ባለቤቷ ቅርብ ናት።

ከባቢሌ ወደ ጅጅጋ ትንሽ ስትቀጥሉ የደከታ ድንጋዮች አሉ፤ አንዱ በሌላው ላይ ሊወድቅ ደርሶ የቆመው። በእንዲህ ያለ ድንጋያማ ቦታ ጠዋት ሽኮኮ ፀሐይ ሊሞቅ ይወጣል። ስትደርሱ ሁሉም ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፤ አንድ አፍንጫ ብቅ ይላል፣ ከዚያ ሌላው። ድመት የምታክለው ይህቺ ፍጥረት ከዛሬ እንስሳት ሁሉ ለዝሆን በጣም ከሚቀርቡት ዘመዶች አንዷ ናት። ዝሆኑ ካመለጣችሁ በዘመዱ ተካሱ።

ሁሉም ቦታ የሚሠራ ጥቂት ነገር ልጨምር። ከመግባታችሁ በፊት እፍኝ አፈር በትኑ፤ ነፋሱ ከእንስሳው ወደ እናንተ ይንፈስ እንጂ ከእናንተ ወደ እሱ አይሁን። ሽቶ ይቅር። ነጭና ደማቅ ልብስም ቤት ይዋል። ቁጥቋጦ ስታዩ ቅጠሉን አትዩት፤ በቅጠሉ መሃል አሻግራችሁ እዩ፣ የሚንቀሳቀስ ጆሮ ወይም የአግድም መስመር ፈልጉ፤ ዛፍ ቁሞ ነው የሚያድገው፣ ጀርባ ግን አግድም ነው። የዕረፍታችሁ ጊዜ ደረቅ ወቅት መሆኑም ጠቅሟችኋል፤ ቅጠሉ ይሳሳል፣ እንስሳውም ውሃ ወዳለበት ይሰበሰባል።

ባቢሌ ከመሄዳችሁ ሁለት ሦስት ቀን ቀድመሽ የመጠለያው ጽሕፈት ቤት ጋ ደውዪ ወይም ሰው ላኪ። የመንገዱን ጸጥታ፣ ዝሆኖቹ በዚያ ሳምንት የትኛው ሸለቆ እንዳሉ፣ ስካውት በጠዋት ማግኘት ይቻል እንደሆነና የመግቢያውን ክፍያ ጠይቂ። ልጆች እንዳሉሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ሐረር እያደራችሁ ከሆነ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳት አለባችሁ፤ መኪናውን ማታውኑ ተስማምተሽ እደሪ፤ ጠዋት ሚኒባስ እስኪሞላ ከጠበቃችሁ ፀሐይዋ ትቀድማችኋለች።